«ለአሰልጣኙ አንድ ስልክ ደውልለት» እና ሌሎች የማይሞቱ እምነቶች

የምሠራው በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነው። ድርሻዬ የደንብ ክትትል ነው፤ የትኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ መወዳደር እንደሚችል አጣራለሁ፣ ማን ምን ያህል ድጋፍ እንደሚፈቀድለት አሰላለሁ፣ አሰልጣኞች ተማሪ ሲመለምሉ ከመስመር እንዳይወጡ እጠብቃለሁ። ይህን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሠርግ ላይ፣ በጁላይ መጀመሪያ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አጠገቤ ይቀመጥና ልጁ በስፖርት እንዴት ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ያንኑ ጥያቄ ያነሣብኛል። ጥያቄ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። አብዛኛው ግን መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከእኔ የሚፈልገው «አዎ» እንድለው ብቻ ነው። ይዞት የሚመጣው መልስ ደግሞ ስሕተት ነው።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ የስፖርት አስተማሪ ነህ ማለት ነው?»

አይደለሁም። እናቴ ለጎረቤት የምትነግረው እንደዚያ ነው፤ ለእርሷ ትቼዋለሁ። ሌላው ግን ይስማኝ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር፣ ሰው ሁሉ ኤንሲኤኤ የሚለው፣ በሥሩ ወደ 1,100 የሚጠጉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከማኅበሩ ሦስት የውድድር ምድቦች ከፍተኛ በሆነው በአንደኛ ምድብ ለመቆየት አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 14 የስፖርት ዓይነቶችን ማካሄድ አለበት። ይህን ሁሉ ቡድን አሰልጣኝ ብቻውን አያንቀሳቅሰውም። በጀት የሚያዘጋጅ፣ ውል የሚያረቅቅ፣ ትኬት የሚሸጥ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች መዋጮ የሚያሰባስብ፣ አውቶቡስና ሆቴል የሚይዝ፣ የተማሪዎቹን የትምህርት ውጤት የሚከታተል ሰው አለ። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው የስፖርት ዳይሬክተር አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው በ1966 ነው፤ ትናንት የተፈለሰፈ ሥራ አይደለም።

«ለዚህ ሥራ የቀድሞ ስፖርተኛ መሆን ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል የሒሳብ ባለሙያና የሕግ ምሩቅ አሉ። እኔ በሰፈር ኳስ ተጫዋች ሲመረጥ መጨረሻ ላይ የምቀረው ልጅ ነበርኩ።

«የሴቶቹ ቡድን ለይስሙላ ነው»

ይህን የሚሉኝ ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች መሆናቸው ይገርመኛል። በጾታ ምክንያት ማንንም ከትምህርት ፕሮግራም ማግለል የሚከለክለው፣ ርዕስ ዘጠኝ እየተባለ የሚጠራው ሕግ የወጣው በ1972 ነው። የሕጉ ዋና አንቀጽ ስለ ስፖርት አንድ ቃል አይናገርም፤ ስፖርቱን የቀየረው ግን እርሱ ነው። ሕጉ ሲወጣ በመላ አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወዳደሩ ልጃገረዶች 300,000 አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። የሴቶች ቡድን ዕድል የሚሰጥበት ቦታ ነው። አባትየው ይህን ሳያውቅ የወንድ ልጁን የኳስ ጫማ ሲገዛ፣ ልጅቱ በትምህርት ቤቷ የቀዘፋ ቡድን እንዳለ እንኳን አታውቅም።

«ጎበዝ ሯጭ ነው፤ ትምህርቱን እናንተ ታስተካክሉታላችሁ»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸኛው ነው። የዚህ እምነት ወንድም «ለአሰልጣኙ አንድ ስልክ ደውልለት» የሚለው ነው፤ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ስልኩን ላንሣው። ደወልኩ እንበል። አሰልጣኙ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሰዓቱ ስንት ነው? መቼ ይመረቃል? የትምህርት ማስረጃው የት አለ? የመጀመሪያውን ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፤ የሁለተኛ ደረጃ ውድድር ውጤት ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፣ ልጁ ፈጣን ከሆነ አሰልጣኙ ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። የቀሩትን ሁለቱን ግን ከደዋዮቹ ወላጆች አንዱም አዘጋጅቶ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሜዳሊያ ያመጡልኛል። ቪዲዮ ያሳዩኛል። አንድ ጊዜ የቄስ የምስክርነት ደብዳቤ ቀርቦልኛል፤ ደብዳቤው ደግሞ የሚያምር ነበር።

ዕውነታው ይኸውና። ለአንደኛ ምድብ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዓመቱ መወዳደር የሚፈልግ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማኅበሩ የሚቀበላቸውን 16 ዋና ኮርሶች መጨረስ አለበት፤ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ ከመጀመሪያው አልጀብራ ጀምሮ፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ እያለ ይቀጥላል። በእነዚህ ኮርሶች ብቻ የሚሰላው አማካይ ውጤቱ በ4 ነጥብ መለኪያ ከ2.3 ማነስ የለበትም። በስዕል ክፍልና በስፖርት ክፍል የተገኘው «ኤ» እዚህ ውስጥ አይገባም። የኤስኤቲ፣ ማለትም የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት መጠየቁ በ2023 ቀርቷል፤ ብዙ ወላጆች ዛሬም ለፈተናው አስጠኚ እየቀጠሩ ኮርሱን አያዩም።

ሰው የሚወድቀው ግን ከ16ቱ ላይ አይደለም፤ ከ10ሩ ላይ ነው። ከ16ቱ 10ሩ የ12ኛ ክፍል ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩ ደግሞ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። ያ ቀን ካለፈ የእነዚያ ኮርሶች ውጤት ይቆለፋል። 12ኛ ክፍል ላይ እንደገና ወስጄ አሻሽላለሁ ማለት የለም። እኔ፣ አሰልጣኙ፣ የስፖርት ዳይሬክተሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ተሰብስበን ብናለቅስ አይከፈትም። የሚያጣራው ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ የማኅበሩ የብቃት ማረጋገጫ ማዕከል ነው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ልጅዎን አያውቅም፣ እኔንም አያውቅም።

አንድ አባት ምግብ ቤት ጠርተውኝ ነበር። ልጃቸው 800 ሜትር ሯጭ ናት፤ 12ኛ ክፍል ከጀመረች ጥቂት ሳምንታት አልፈዋል። እርሳቸው የሜዳሊያዎቹን ፎቶግራፍ በፕላስቲክ ማኅደር አድርገው አመጡ። የትምህርት ማስረጃዋን ስጠይቅ ልጅቱ ከስልኳ አወጣችልኝ። በናፕኪን ላይ እየጻፍኩ ቆጠርን። ከኢትዮጵያ የመጣችው 8ኛ ክፍል ጨርሳ ነው፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል «እንግሊዝኛ» ተብሎ የተመዘገበላት ለቋንቋው ጀማሪዎች የሚሰጠው ክፍል ነበር። ለመመረቂያ ይቆጠርላታል፤ ለማኅበሩ አይቆጠርም። ሁለት ሰረዝኩ። ከሒሳቦቿ አንዱ ከአልጀብራ በታች ነው። እርሱንም ሰረዝኩ። አባትየው ምስሩን ወደ እኔ እየገፉ «ብላ እንጂ፣ ልጄ» ይሉኛል። ልጅቱ ቀድማ ገባት፤ ናፕኪኑን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። በኋላ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች፤ እዚያም ሮጠች። መንገዱ አልተዘጋባትም፤ ረዘመባት። 9ኛ ክፍል ስትገባ አንድ ሰው አንድ ገጽ ቢያሳያት ኖሮ አይረዝምም ነበር።

ያ ገጽ ምሥጢር አይደለም። እያንዳንዱ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማኅበሩ የጸደቁለት ኮርሶች ዝርዝር አለው፤ በብቃት ማረጋገጫ ማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው የትምህርት ቤቱን ስም ጽፎ ያያል። ልጅዎ 9ኛ ክፍል ሲገባ ያንን ዝርዝር ያትሙትና ከተማሪዎች አማካሪዋ ጋር ቁጭ ብለው ኮርሶቹን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አማካሪዎቹ የመቶዎች ተማሪ ኃላፊ ናቸው፤ እርስዎ ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም። በየዓመቱ መጨረሻ እንደገና ይቁጠሩ። ከዚያ ለአሰልጣኞች ኢሜይል ይጻፍ፤ የሚጽፈው ግን ልጁ ይሁን፣ አባቱ አይሁን። አባት የጻፈውን ኢሜይል አሰልጣኝ ከሁለተኛው መሥመር ያውቀዋል። ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ ምርጥ ሰዓት፣ አማካይ ውጤት፣ አለቀ።

«ያሬድስ?» ይሉኛል ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ። ያሬድ ንጉሤን ማለታቸው ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሉዊቪል ኬንታኪ የተወለደው፣ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያገኘው። ደስ ይለኛል፣ እናንሣው። ያሬድ መሮጥ የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ2019 የኮሌጆችን የ1,500 ሜትር ሻምፒዮና አሸነፈ፤ እዚያ የተማረው ባዮኬሚስትሪ ነው፣ ሐሳቡም የጥርስ ሐኪም መሆን ነበር። ሰው ሜዳሊያውን ሲያወራ ባዮኬሚስትሪውን ይዘላል።

«ስኮላርሺፕ ካገኘ ሁሉም ነገር ነጻ ነው»

ለጥቂቶች። በወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ አንድ የአንደኛ ምድብ ቡድን ለረጅም ዘመን የተፈቀደለት 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር። 12.6 ሰው አይደለም፤ አሰልጣኙ ያንን ለሠላሳ ምናምን ልጅ ይሸነሽነዋል። አንዱ ግማሽ፣ ሌላው የመጽሐፍ፣ ብዙው ምንም። ማኅበሩ ከከሰሱት ስፖርተኞች ጋር ባደረገውና በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት ውስጥ ለገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ያ ቁጥር ተነሥቶ በቡድን አባላት ብዛት ገደብ ተተክቷል፤ ሁሉንም ሙሉ በሙሉ ማስተማር ይፈቀዳል ማለት ነው፣ የሚከፍል ከተገኘ። በአንጻሩ ለተጨማሪ አባል ቦታ ጠብቧል።

ሦስተኛ ምድብ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ አይሰጥም፤ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም እንዲሁ። ይህን ስናገር ወላጆች ፊታቸውን ያዞራሉ። ኤምአይቲ ሦስተኛ ምድብ ነው! እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለብዙ የእኛ ቤተሰብ ያ ድጋፍ ከሩብ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይበልጣል። ልጁ እግሩ ቢሰበርም አይነጠቅም።

«ዩኒቨርሲቲዎቹ በአሜሪካ ፉትቦል ገንዘብ ተንበሽብሸዋል»

በ2019 ከሁሉም የማኅበሩ አባላት ስፖርት ክፍሎች መካከል ገቢያቸው ከወጪያቸው የበለጠው ወደ 25 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀረው ከዩኒቨርሲቲው በጀትና ከተማሪዎች ክፍያ ይደጎማል። ወጪውም እየጨመረ ነው። ከ2024 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ያሉት ስታንፎርድና በርክሌይ የሚወዳደሩት በአትላንቲክ ጠረፍ ሊግ ነው፤ የመረብ ኳስ ቡድናቸው ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ አገሩን አቋርጦ ይበራል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ከገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ከየትኛው ቡድን እንደሚቆረጥ የሚወስነው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው፤ ያን ቀን ማንም የእርሱን ወንበር አይመኝም።

«አሁን ተማሪዎች ገንዘብ መሥራት ተፈቅዶላቸዋል፤ የወንድሜን ልጅ ከአዲስ አበባ ላምጣው»

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኛ ስሙንና ምስሉን ለማስታወቂያ መሸጥ ይችላል። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ይህን ሰምተው በአካባቢያቸው ለሚሮጥ ልጅ «የኛ ልጅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በነጻ ይብላ፣ ፎቶውን እሰቅላለሁ» አሉኝ። ደግነታቸውን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይህ ውል ይፈልጋል፣ ዋጋው ከማስታወቂያው ጋር መመጣጠን አለበት፣ ከ600 ዶላር ካለፈም ለአንደኛ ምድብ ተማሪ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ልጁን ቪዛውን ጠየቅኩት። ኤፍ-1፣ የውጭ አገር ተማሪ ቪዛ ነው። እዚያ ላይ ቆመ። የማኅበሩ ደንብ ተለወጠ እንጂ የኢሚግሬሽን ሕጉ አልተለወጠም፤ የኤፍ-1 ተማሪ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም፣ በግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰሌዳ ፎቶ ቪዛን አደጋ ላይ መጣል ዕብደት ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ፣ ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ ከዚያ እኔን ይጠይቁ።

ስለ ወንድም ልጅ ደግሞ፦ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ለዓመታት በክለብ ሲወዳደር የቆየ ሰው የኮሌጅ መወዳደሪያ ዓመታቱ ሊቀነሱበት ይችላሉ። «ገና ሃያ አራቱ ነው» የሚለው ለሠርግ ጥሩ ነው።

«ጨዋታ ሁሉ በነጻ ታያለህ»

ጨዋታው ሲጀመር እኔ የምቆመው በር ላይ ነው፤ በእንግዳ ስም ዝርዝር ትኬት የሚወስዱት በእርግጥ ስማቸው የተመዘገበው ሰዎች መሆናቸውን እያጣራሁ። ግቡን የምሰማው በጩኸቱ ነው።

«አንተ ከውስጥ ታውቃለህ፤ ማን ያሸንፋል?»

በማርች ወር የቅርጫት ኳሱ ውድድር ሲደርስ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የማኅበሩ ደንብ ለስፖርት ክፍል ሠራተኛ ውርርድንም፣ ለተወራራጅ መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ባልደረቦች አምስት አምስት ዶላር አዋጥተው በሚያደርጉት የቢሮ ግምት ውስጥ እንኳን መግባት አልችልም። ስለዚህ ባለፈው ማርች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሻይ ይዘው ሲከቡኝ የሰጠሁት መልስ ዘንድሮም ያው ነው፦ አላውቅም፣ ባውቅም አልነግራችሁም፣ ልጆቻችሁ ስንት ዋና ኮርስ ጨርሰዋል?