የኃላፊነት መድን ምንድን ነው? ከባጃጅ እስከ ጁገል ግድግዳ

ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ የያዘ ሰው ሁሉ «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ያውቃል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ግዴታ ነውና ያለ እሱ መንገድ መውጣት ጣጣ ያመጣል። ሦስተኛው ማን ነው ሲባል ግን ብዙው ሰው ያመነታል። ሁለቱ ውሉን የተዋዋሉት ናቸው፤ መድን ሰጪውና አረቦን (የመድኑን ዋጋ) ከፋዩ። ሦስተኛው ውሉ ውስጥ ስሙ የሌለ፣ መንገድ ሲሻገር የተገጨው ሰው ነው። የኃላፊነት መድንም ሐሳቡ ይኸው ነው። በባጃጁ ቦታ ግንባታ፣ ብየዳ ወይም ምግብ ቤት ይገባል፤ ግዴታ መሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል።

ሳቢያን ውስጥ የብረት በር የሚሠራ አንድ ባለሙያ እንውሰድ። የእሳት መድን ገብቷል፣ ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይተኛል። አንድ ቀን የብየዳ ፍንጣሪ በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ የጎረቤቱን የፍራሽ መደብር ያቃጥላል። የእሳት መድኑ የእሱን ቤትና ዕቃ ይክሳል። የጎረቤቱን ፍራሽ አይመለከትም፤ ዕዳው ግን የዚሁ የባለብየዳው ነው። የኃላፊነት መድን የሚከፍለው ይህን ለሌላ ሰው የተገባ ዕዳ ነው።

ዕዳው የሚመጣው በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ቁጥር 2077 ደግሞ ጠንከር ይላል፦ ሕንፃ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ያላሰበው ነገር ቢሆን እንኳ ተጠያቂ ነው። ለኮንትራክተር የሚከብደው ግን ቁጥር 2130 ነው። ለሦስት ቀን የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ያጠፋውን አሠሪው ይከፍላል። «እኔ እኮ በቦታው አልነበርኩም» አያድንም። ተጎጂው ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለው፤ ዛሬ ዝም ያለው ጎረቤት ከርሞ ሊመጣ ይችላል።

የማይገባበትንም ማወቅ ያስፈልጋል። የራስህ ሠራተኛ ከርብራብ ላይ ቢወድቅ እሱ ሦስተኛ ወገን አይባልም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታይ ስለሆነ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ መድን ለብቻው ይገባል። ሆን ተብሎ የተደረገ ጉዳት አይሸፈንም። የተበላሸው ሥራ ራሱም አይሸፈንም፦ የለጠፍከው ሴራሚክ ቢረግፍ እንደገና መለጠፉ የራስህ ወጪ ነው፤ ሲረግፍ የደንበኛን ጭንቅላት ቢፈነክት ግን ሕክምናው የመድኑ ጉዳይ ይሆናል። ጎርፍም አንዳንዱን ያደናግራል። እንደ 1998ቱ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያለ መዓት ማንንም ባለዕዳ አያደርግም። የከመርከው አፈር የውኃ መውረጃ ቦይ ዘግቶ ውኃው ጎረቤት ቤት ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ገንዘቡን በምሳሌ ላሳይ። ጣሪያው፣ ማለትም መድኑ ቢበዛ የሚከፍለው፣ 500,000 ብር፣ በራስህ የምትችለው ተቀናሽ 10,000 ብር ይሁን። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ መድኑ 290,000 ይከፍላል። ጉዳቱ 700,000 ከሆነ ከ500,000 በላይ ያለው ከራስህ ኪስ ነው። ስለዚህ አረቦኑ ረከሰ ከማለት በፊት ጣሪያውን ማየት ይበጃል።

አሁን ወደ ሽምግልና እንምጣ፤ የእኛ ልማድና ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ፣ የሚጋጩት እዚህ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ብሎኬት ወድቆ የቆመ መኪና ጣሪያ ቢያጎደጉድ ከፖሊስ ቀድሞ የሚደርሰው ሽማግሌ ነው። «አቦ፣ ጎረቤት አይደላችሁ እንዴ!» ይባላል። ኮንትራክተሩም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሠራልሃለሁ» ብሎ ወረቀት ላይ ይፈርማል። በሰው ፊት ያስከብራል። አብዛኛው ፖሊሲ ግን መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመንንና በካሳ መጠን መስማማትን ይከለክላል፤ ኩባንያውም «የተስማማኸውን ራስህ ክፈል» ሊል ይችላል። ሽምግልናው ይቅር አልልም፣ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው። የተጎዳውን ሐኪም ቤት አድርስ፣ አይዞህ በል፣ የሆነውን እንደሆነው ተናገር፤ ብር ከመጥራትህና ከመፈረምህ በፊት ግን ለመድን ሰጪው ደውል። የንግድ ሕጉ አደጋውን ባወቅህ በአምስት ቀን ውስጥ እንድታሳውቅ ይጠይቃል። ሽማግሌዎች «ለሚቀጥለው ዓርብ» ብለው ቀጠሮ ከሰጡ አምስቱ ቀን አለፈ ማለት ነው።

ግንባታ ላይ ያሉ ሰዎች «ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ» የሚሉት ፖሊሲ አለ። አንደኛው ክፍሉ ሥራውን ራሱን፣ ሁለተኛው ሦስተኛ ወገንን ይሸፍናል። ብዙዎች የሚገቡት የጨረታ ሰነዱ ስለጠየቃቸው ነው፤ ከዚያ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይነበብም።

ባይነበብ የሚጎዳበት ቦታ ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ነው። ቤቶቹ በድንጋይ የተሠሩና ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ የአንዱ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሌላውም ነው። አንዱን ለማደስ መሠረት ሲቆፈር የጎረቤቱ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ይህ ደግሞ መደበኛው ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀረው ጉዳት ነው፦ በንዝረት ወይም ድጋፍን በማዳከም የሚደርስ። ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ በተለየ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። በዚህ ጊዜ መድን ሰጪው ሥራው ሳይጀመር የአጎራባቹ ቤት ሁኔታ ተመዝግቦ እንዲያዝ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶማ ከማረፉ በፊት ከጎረቤት ጋር ቆሞ እያንዳንዱን የቆየ ስንጥቅ ቀኑ በሚታይ ፎቶ ማንሳት፣ ሁለቱም እንዲፈርሙበትም ማድረግ ያስፈልጋል።