የአጥንት መሳሳትና ስብራት

ሰው እየሄደ ተደናቅፎ በቁመቱ ልክ ወድቆ ዳሌው ወይም የእጁ አንጓ ከተሰበረ፣ ጥፋቱን በሙሉ ለአወዳደቁ መስጠት አይቻልም። ጤነኛ አጥንት እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም። ሰውየው ከ50 ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ብዙዎቻችን ግን ስብራቱን አስጠግነን እንረሳዋለን።

አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይገነባል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ይበልጣል፣ ከዚያ በኋላ ፈረሳው ቀስ እያለ ይቀድማል፤ ሴቶች ሲያርጡ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። በዓለም ደረጃ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ 3 ሴቶች አንዷ፣ ከ5 ወንዶች አንዱ በዚህ ሰበብ ስብራት እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ስለዚህ «የሴት በሽታ ነው» የሚባለው አያስኬድም። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት የሚወስዱ፣ የሚያጨሱ፣ መጠጥ የሚያበዙና በጣም የከሱ ሰዎችም ያሰጋቸዋል።

የአከርካሪ ስብራት ተንኮለኛ ነው። መውደቅም ላያስፈልገው ይችላል፤ ጄሪካን ጎንበስ ብሎ ማንሳት ይበቃል። ሕመሙ «የወገብ ብርድ ነው» ተብሎ በቅባት ይታሻል፣ ቁመት ያጥራል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ የእናቶች ቀሚስ ከፊት በኩል መሬት መጥረግ ይጀምራል። እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል።

የዳሌው ግን አይታለፍም። እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረና ሰውየው መቆም ካቃተው፣ ሳይጎትቱ በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ በወጌሻ እሽት የሚመለስ ነገር አይደለም። እጅም ሆነ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የደረሱ ሰዎች አሉ፣ ይህ በአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነው። ዳሌ ከተሰበረባቸው አረጋውያን ደግሞ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ የተለያዩ አገሮች ጥናቶች ያሳያሉ፤ አልጋ ላይ መዋል የሳንባ ምችና የደም መርጋት ያመጣል።

የአጥንትን ጥግግት የሚለካው ምርመራ ዴክሳ ይባላል፣ ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤቱ -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኦስቲዮፖሮሲስ ነው። ተራ ራጅ ብዙ አጥንት ካለቀ በኋላ ነው የሚያሳየው።

ምግብን በተመለከተ በጾም ወተት ቢቀርም ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው። ፀሐይ ባለበት አገር መኖር ብቻውን ግን ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ሰው፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራም እህት ብትሆን፣ ሊያጥረው ይችላል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል።

ሐኪም ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን አሌንድሮኔት የተባለ መድኃኒት ካዘዘ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውኃ ተወስዶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኙ መቆየት ግድ ነው፣ አለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ቡናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።