በኮምፓውንድ ቀስት ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ምንድን ነው?

ኮምፓውንድ ቀስት፣ ማለትም በሁለት ጫፎቹ ላይ መዘውር የተገጠመለት ቀስት፣ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በማስታወቂያቸው ላይ አንድ ቁጥር በጉልህ ያትማሉ፤ 320፣ 330፣ ሲበረታም 350። ከጎኑ «አይ ቢ ኦ» የሚል ምሕጻረ ቃል ይከተላል። ቁጥሩ ፍላጻው ከአውታሩ በተላቀቀበት ቅጽበት በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚበር ይገልጻል፤ «አይ ቢ ኦ» ደግሞ የልኬቱን ደንብ ያወጣው ዓለም አቀፍ የቀስት አዳኞች ድርጅት መጠሪያ ነው። 330 ጫማ በሰከንድ ወደምናውቀው መለኪያ ሲመለስ በሰከንድ 100.6 ሜትር፣ በሰዓት 362 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ያነበበ ሰው ቀስቱን ሲገዛ ፍጥነቱንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል። አልገዛም።

የመኪና ደላላ «በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲል ፈጽሞ ዋሸ አይባልም። አንድ ቀን፣ በባዶ መንገድ፣ ሹፌሯን ብቻ ይዛ ሄዳ ይሆናል። ገዢው ግን አምስት ሰው አሳፍሮ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ ወደ መስቀል አደባባይ ሲንፏቀቅ ነዳጁ የት እንደገባ ግራ ይገባዋል። የቀስቱም ቁጥር የተገኘው እንዲህ በተመቻቸ ሁኔታ ነው፤ ሁኔታውን ያወቀ ሰው ግን የራሱን ፍጥነት በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል።

በተለመደው አሠራር ለፈተና የሚቀርበው ቀስት እስከ 70 ፓውንድ ኃይል እንዲጠይቅ ተደርጎ ይወጠራል፤ ወደ 32 ኪሎ ግራም መሳብ ማለት ነው። አውታሩ እስከ 30 ኢንች፣ ማለትም እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ይሳባል። የሚወነጨፈው ፍላጻ 350 ግሬይን ብቻ ይመዝናል፤ ይህም 22.7 ግራም ነው። አውታሩ ላይ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ዕቃ አይታሰርም። ረጅም ክንድ፣ ጠንካራ ቀስት፣ ቀላል ፍላጻ፣ ባዶ አውታር፤ አራቱም ፍጥነት የሚጨምሩ ናቸው። በድሮው የአሜሪካ የቀስት አምራቾች ማኅበር ደንብ ፈተናው የሚካሄደው በ60 ፓውንድና በ540 ግሬይን ፍላጻ ስለነበር ያው ቀስት በዚያ ደንብ ሲለካ በሰከንድ 80 ጫማ ገደማ ያነሰ ቁጥር ይወጣዋል። ሻጮች ከሁለቱ የትኛውን ማተም እንደሚወዱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ይገባል። ኮምፓውንድ ቀስትን የፈለሰፈው የሚዙሪው አሜሪካዊ ሆሊስ ዊልበር አለን ነው፤ የባለቤትነት መብት ማመልከቻውን በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስገብቶ በ1969 ተፈቀደለት። በተራ ቀስት አውታሩ በተሳበ ቁጥር ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ተኳሹ የሚያነጣጥረው በጣም በከበደው ሰዓት ነው። አለን በቀስቱ ሁለት ጫፎች ላይ ማዕከላቸው መሐል ላይ ያልሆነ መዘውሮች ገጠመ። በዚህ ምክንያት ኃይሉ መንገድ ላይ ጣራውን ይነካና ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ድንገት ይወርዳል። 80 በመቶ የሚያቀልል ባለ 60 ፓውንድ ቀስት መጨረሻ ላይ የሚይዘው 12 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በቀስቱ ክንዶች፣ ማለትም በሚለጠጡት ሁለት ጎኖቹ ውስጥ የታመቀው ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ አውታሩ ሲለቀቅ አብዛኛው ወደ ፍላጻው ይተላለፋል። ስሌቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ምን ያህል ጉልበት ታመቀ? ያ ጉልበትስ ምን ያህል ክብደት ሊገፋ ነው?

የመጀመሪያው ቅናሽ የክንድ ርዝመት ነው። ከ30 ኢንች ባነሰ በእያንዳንዱ ኢንች 10 ጫማ በሰከንድ ይቀነሳል፤ አውታሩ ፍላጻውን የሚገፋበት መንገድ አጥሯልና። የራስን ርዝመት ለማወቅ ሁለት እጅን ወደ ጎን ዘርግቶ ከአንዱ የመሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው በልብስ ሰፊ ሜትር ማስለካትና ለ2.5 ማካፈል ይበቃል። 175 ሳንቲ ሜትር የወጣለት ሰው 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል፤ 27.5 ኢንች ማለት ነው። ስለዚህ ገና ሳይተኩስ 25 ጫማ በሰከንድ ከስሯል። ብዙ ሰው ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ላይ ለመድረስ ሲል ከክንዱ የረዘመ ቀስት ይመርጣል፤ ያገኛትን ፍጥነት በተበላሸ አቋምና አውታሩ በሚገርፈው ክንዱ ይከፍላል።

ሁለተኛው የፍላጻው ክብደት ነው፤ ትልቁ ቅናሽ ያለውም እዚህ ነው። መነሻው ለእያንዳንዱ ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል 5 ግሬይን ነው፤ 70 ፓውንድ ለ350 ግሬይን፣ 60 ፓውንድ ለ300 ግሬይን። ቀስቱም ፍላጻውም በእኩል መጠን ከቀነሱ ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም። ከዚያ በላይ ለሚጨመር በየ3 ግሬይኑ ግን 1 ጫማ በሰከንድ ይቀነሳል። ክብደቱ የሚመዘነው ከጫፉ፣ ከላባውና ከጭራው ጋር እንዳለ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም። ፒያሳ ብዙው ቢፈርስም ወርቅ ቤት አልጠፋም፤ «ጋሼ፣ ይቺን ይመዝኑልኝ» ብሎ ፍላጻ ማቅረብ መጀመሪያ ሊያስቅ ይችል ይሆናል እንጂ የወርቅ ሚዛን ለሥራው የተፈጠረ ነው። በግራም የወጣውን በ15.43 ማባዛት ነው፤ 25.9 ግራም 400 ግሬይን ያህል ይሆናል።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ አውታሩ ላይ የሚታሰሩት ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያና የመልቀቂያው የገመድ ቀለበት በየ3 ግሬይናቸው 1 ጫማ ያስቀንሳሉ። ይህ ግን አውታሩ መካከል ላይ ላለ ክብደት ነው፤ ወደ መዘውሮቹ የተጠጋ ክብደት ያን ያህል አይጎዳም።

እንግዲህ የቀስቱ ቁጥር 330 ነው እንበል። ባለ 175 ሳንቲ ሜትሩ ወጣት ወደ 60 ፓውንድ አላልቶታል፤ ፍላጻው 400 ግሬይን፣ አውታሩ ላይ ያለው ዕቃ 15 ግሬይን ነው። ከ330 ላይ ለክንዱ 25 እንቀንስ። ፍላጻው ከ300 በ100 ግሬይን ስለሚበልጥ 33 እንቀንስ። ለአውታሩ ዕቃ 5 እንቀንስ። የቀረው 267 ጫማ በሰከንድ፣ ወይም በሰከንድ 81.4 ሜትር ነው። ከተጻፈው ፍጥነት አንድ አምስተኛ ያህሉ ማንም ሳያታልለው ጠፋ።

«እንግዲያውስ ፍላጻውን ላቅልለው» ማለት ይመጣል። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ደጃፍ የረገጠ ሰው የእንቅስቃሴ ጉልበት የክብደት ግማሽ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ መሆኑን አይረሳም፤ እስቲ እናስላው። የ400 ግሬይኑ ፍላጻ በ267 ጫማ 86 ጁል ይዞ ይሄዳል። በ300 ግሬይን ቢተካ ፍጥነቱ 300 ጫማ ይደርሳል፤ ጉልበቱ ግን 81 ጁል ነው። ዝግተኛው ፍላጻ የበለጠ ይዟል። ምክንያቱም ቀስቱ ከፍላጻው ጋር የራሱን አውታርና መዘውር ጭምር ያስፈነጥራል፤ ፍላጻው በቀለለ ቁጥር ለእነርሱ የሚባክነው ድርሻ ይጨምራል። የባከነው ጉልበት የሚወጣው ደግሞ በድምፅና በንዝረት፣ በቀስቱ ክንዶች ላይ ነው። በፓውንድ ከ5 ግሬይን በታች መውረድ የቀስቱን ክንድ እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል፤ ፍላጻ ሳይኖር አውታር መልቀቅ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ስለዚህ ከ5 ግሬይን በታች ቀመሩ ፍጥነት አይጨምርም፤ እንዲጨምርም መፈለግ የለብንም።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ማነጣጠሪያ ላይ ሲደርስ ከጨዋታነት ያልፋል። በዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን ውድድር ኮምፓውንድ ቀስት የሚተኮሰው በ50 ሜትር ርቀት ነው፤ ከፍተኛው የመሳቢያ ኃይልም 60 ፓውንድ ነው። በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ በድብልቅ ቡድን ይገባል። የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የአየሩን ግጭት ትተን ብናሰላ በ300 ጫማ የሚበር ፍላጻ 50 ሜትር እስኪደርስ 147 ሳንቲ ሜትር ይወድቃል፤ በ260 ጫማ የሚበረው 195 ሳንቲ ሜትር። ልዩነቱ 48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በውድድሩ ላይ የሚሰቀለው ባለ ስድስት ቀለበት ኢላማ ከዳር እስከ ዳር ልክ ይህን ያህል ይሰፋል። በማስታወቂያው ቁጥር ማነጣጠሪያውን ያስተካከለ ሰው ፍላጻውን ከሣር ውስጥ ይለቅማል።

የአዲስ አበባ ከፍታስ? ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የመነሻ ፍጥነቱን ይህ አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ እርሱን የሚወስኑት የቀስቱ ክንዶችና ክብደቶቹ ናቸው። በጉዞ ላይ ግን ፍላጻው እዚህ ያነሰ ግጭት ስለሚገጥመው ፍጥነቱን ይበልጥ ይዞ ይቆያል። በ18 ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም፤ በረጅም ርቀት ግን ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ እዚህ ትንሽ ወደ ላይ ይመታል።

ቀመሩ ግምት ነው፤ በ10 ጫማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ማረጋገጫው ክሮኖግራፍ የሚባለው የፍጥነት መለኪያ ነው፤ እርሱ ከሌለ ስልክ ያገለግላል። ተኳሹ ከኢላማው 18 ሜትር ይቁም፤ ስልኩ ድምፅ እየቀዳ ከሁለቱም እኩል በሚርቅበት ቦታ፣ ከፍላጻው መንገድ በደንብ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቀመጥ። የቀስቱም ሆነ የኢላማው ድምፅ ወደ ስልኩ የሚደርሰው በእኩል መዘግየት ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የበረራው ጊዜ ነው። ቅጂውን በኮምፒውተር የድምፅ ማረሚያ ከፍቶ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለውን ማንበብ ነው። የወጣታችን ቀስት 0.221 ሰከንድ ገደማ ማሳየት አለበት። 0.005 ሰከንድ መሳሳት 6 ጫማ ያህል ያዛባልና ደጋግሞ ተኩሶ አማካዩን መያዝ ይሻላል። ውጤቱ ከስሌቱ በጣም ከራቀ መጀመሪያ የሚፈተሸው የመሳቢያው ርዝመት ነው፤ ቀጥሎ ቀስቱ በእርግጥ 60 ፓውንድ ላይ መሆኑ በተንጠልጣይ ሚዛን ይታያል።