«ሕያው ማዳበሪያ» ምን ማለት ነው?

«ሕያው ማዳበሪያ» የሚለው ስም ያሳስታል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው እንደ ዩሪያ አፈር ላይ ተበትኖ የሚሟሟ ንጥረ ነገር ሳይሆን፣ ራይዞቢየም የሚባሉ ሕያዋን ባክቴሪያዎችን የያዘ ጥቁር ዱቄት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጥራጥሬ ሰብል ሥር ውስጥ ገብተው ትናንሽ እባጮችን ያበጃሉ (ለማያውቀው በሽታ ይመስላል)፤ በዚያም የአየሩ 78 በመቶ የሆነውን፣ ተክል ግን በቀጥታ ሊጠቀምበት የማይችለውን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚመገበው መልክ ይለውጣሉ፤ ተክሉም በልዋጩ ስኳር ይሰጣቸዋል።

ጤፍና ስንዴ እንዲህ ያለ እባጭ ስለማያበጁ፣ ዘራቸውን በዚህ ዱቄት መለወስ ከንቱ ድካም ነው። በጥራጥሬም ቢሆን የባክቴሪያው ዓይነት ከሰብሉ ጋር መግጠም አለበት፤ ሽምብራ ከባቄላ፣ አኩሪ አተርም ከሁለቱ የተለየ ዓይነት ይፈልጋሉ። ፎስፈረስ የተባለውን ሌላውን የተክል ምግብ ደግሞ ዱቄቱ ፈጽሞ አይተካም።

በእኔ ግምት ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከአያያዝ ነው፤ ባክቴሪያ በፀሐይና በሙቀት ይሞታልና። ስለዚህ ዘሩ በጥቂት ስኳር ውሃ ይረጥብና በጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ይለወሳል፣ ሳይውል ሳያድርም እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ተዘርቶ ወዲያው ይሸፈናል።

መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ሰብሉ ማበብ ሲጀምር አንድ ሁለት ተክል ከነሥሩ በቀስታ ቆፍሮ ማውጣትና እባጩን መሰንጠቅ ይበቃል፤ ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅን እየሰጠ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።