በጎልማሳነት ሮክ መጫወትና ቤት ውስጥ መቅረጽ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ይህ ጽሑፍ አብረው የሚሄዱ ሁለት ነገሮችን ይዳስሳል። አንደኛው አርባን ወይም ሃምሳን ከተሻገሩ በኋላ ሮክ መጫወት መጀመር፣ ወይም ለዓመታት ጥግ ይዞ ወደቆየ ጊታር መመለስ ነው። ሁለተኛው የተጫወቱትን እዚያው ቤት ቀርጾ፣ ደርቦና አስተካክሎ ሙሉ ዘፈን ማድረግ ነው። ስለ ጊታር ብቻ ወይም ስለ ስቱዲዮ ብቻ የሚነበብ አይጠፋም። ሁለቱን ከዕድሜ ጋር አያይዞ በአማርኛ የሚያስረዳ ግን እምብዛም ስለሌለ ተዘጋጀ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮክ የቡድን ሙዚቃ ነው። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ድምፃዊ ይፈልጋል። ሥራ፣ ልጆችና የታመመ ወላጅ ያሉበት ሰው ደግሞ አራት ሰው በአንድ ምሽት ማሰባሰብ ይከብደዋል። ቀረጻ ይህን ይፈታል። ዛሬ ማታ የድራሙን ምት ያዘጋጃል፣ ነገ ቤዙን ይደርባል፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ይዘፍናል። በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ሰው ሙሉ ባንድ ሆኖ ይሰማል።

አመጣጡ

ድምፅ በድምፅ ላይ መደረብ ከቴፕም በፊት ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ሲድኒ ቤሼ በ1941 ስድስት መሣሪያዎችን ብቻውን ተጫውቶ በዲስክ ላይ ደርቧል። ስለዚህ አሜሪካዊውን ጊታሪስት ሌስ ፖልን የመደረብ አባት ማለት ምናልባት ሊያከራክር ይችላል። ነገሩን የቤት ሥራ ያደረገው ግን እሱ ነው። ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ በሰጠው የአምፔክስ ኩባንያ ቴፕ መቅረጫ ላይ ተጨማሪ ሄድ (ድምፁን ቴፑ ላይ የሚጽፈው ወይም ከቴፑ የሚያነበው ክፍል) ገጥሞ፣ ቀድሞ የተቀረጸውን እየሰማ አዲሱን አብሮ ይቀርጽ ነበር። አንድ ስህተት ከተሠራ ቀድሞ የተደረበው ሁሉ ይጠፋል፤ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው። በ1957 አምፔክስ ባለ ስምንት ትራክ፣ ማለትም ስምንት ድምፅ ለየብቻ የሚቀርጽ መሣሪያ አስረከበውና ከዚህ ጣጣ ተገላገለ።

1960ዎቹ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ዘመን ነበሩ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1970 ያወጣውን የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን በአብዛኛው ቤቱ ነው የቀረጸው። ቀን ቀን በፖላሮይድ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራ የነበረው ቶም ሾልዝም በ1976 የወጣውን ቦስተን የተባለውን ባንድ የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል በቤቱ ምድር ቤት አዘጋጅቷል። ሁለቱም ግን ተራ ሰው የማይደፍረው ዕቃ ነበራቸው።

ተራውን ሰው የደረሰለት ካሴት ነው። በ1979 የጃፓኑ ቲያክ በታስካም ስም ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለውን መሣሪያ አወጣ። በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ ለየብቻ የሚቀርጽ፣ ድምፆቹን የሚያመጣጥነውና የሚቀላቅለው ሚክሰርም አብሮት ያለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ብልሃቱ ቀላል ነበር። ተራ ካሴት በአንዱ ፊት ሁለት፣ በሌላው ፊት ሁለት ትራክ ይይዛል። ፖርታስቱዲዮ አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ ካሴቱን ገልብጦ ማጫወት የለም። ድምፁ እንዲጠራ ፍጥነቱም በእጥፍ ጨምሯል፤ በሰከንድ 4.8 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 9.5 ገደማ ሆነ። የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርጻል ማለት ነው።

በዚህ ሳጥን ላይ የሠራ ሰው ያገኘውን ትምህርት ሌላ መሣሪያ አይሰጥም። ድራም፣ ቤዝና ጊታር በሦስቱ ትራኮች ይቀረጻሉ። ከዚያ ሦስቱ ተቀላቅለው ወደ አራተኛው ይዛወራሉ፤ ሦስቱም ለአዲስ ቀረጻ ነጻ ይሆናሉ። ቤዙ ከበዛ ወይም ካነሰ በላዩ አዲስ ከተቀረጸ በኋላ መመለሻ የለም። በየዝውውሩም የቴፑ ሽውታ ይጨምራል። ስለዚህ ሰው ጣቱን ቁልፉ ላይ ከማሳረፉ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ያዳምጥ ነበር። ውሳኔ የሚለመደው እንዲህ ነው።

የዚህ ሳጥን ትልቁ ምስክር አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ነው። በጥር 1982 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ ቤቱ በፖርታስቱዲዮ 144 እና በሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይኮች ዘፈኖቹን ቀረጸ። ሐሳቡ ለባንዱ ማሳያ ብቻ ነበር። ካሴቱንም ያለ ማቀፊያ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። በኋላ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብተው ሞከሩት፤ የካሴቱ መንፈስ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ያው የቤት ቀረጻ «ኔብራስካ» ተብሎ በመስከረም 1982 ወጣ። ቤት ውስጥ የተቀረጸ ነገር ከስቱዲዮ ያንሳል ለሚል ሰው ይህ አልበም በቂ መልስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት ሄዷል። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችና የኮምፒውተር መግባቢያ የሆነው ሚዲ በ1983፣ የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ፕሮ ቱልስ በ1991 መጡ። በነጻ የሚገኘው ሶፍትዌር ኦዳሲቲ በ2000፣ ጋራጅባንድ የተባለውም በ2004 ተከተሉ፤ ቀረጻ የላፕቶፕ ሥራ ሆነ።

አሠራሩ

ዛሬ የሚያስፈልገው ጊታር፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የጊታሩንና የማይኩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳጥን)፣ ኮምፒውተር፣ ሄድፎንና አንድ ማይክ ነው። ጊታሩ ኢንተርፌሱ ላይ «ኢንስትሩመንት» ወይም «ሃይ ዚ» በተባለው በኩል መግባት አለበት። በሌላው ከገባ ድምፁ ይታፈናል፣ ጥራቱም ይደበዝዛል። መጠኑን በጣም ከፍ ማድረግም አያስፈልግም። በ24 ቢት ሲቀረጽ ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰበርበት ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን በቂ ነው።

ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያሰቃየው ሌተንሲ ነው፤ ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ በሄድፎን እስኪሰማ ያለው መዘግየት። ኮምፒውተሩ ድምፁን ትንሽ ትንሽ እየሰበሰበ ነው የሚያስኬደው፤ ይህ በፈር ይባላል። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀረጽ የ128 በፈር 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የ1024ቱ ግን 23 ይደርሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 23 ማለት ከስፒከሩ 8 ሜትር ርቆ ቆሞ እንደ መጫወት ነው። እኔ ራሴ ወደ ጊታር ስመለስ ለሳምንታት ከድራሙ ኋላ እቀር ነበር። ጣቴ አርጅቷል ብዬ አምኜ ነበር። በፈሩን ወደ 128 ሳወርደው በዚያው ምሽት ምቱ ገጠመ። ዕድሜያቸውን የሚወቅሱ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይዩ። ሚክስ ሲደረግ፣ ማለትም የተቀረጹት ትራኮች ተመጣጥነው ሲቀላቀሉ፣ በፈሩ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ኮምፒውተሩ እንዳይጨናነቅ።

እውነተኛ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ያለው ሰው ማይኩን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ ያስቀምጣል። መሐል ላይ ሲሆን ድምፁ ስል ነው፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለዝባል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ የትኛውም ኢኳላይዘር የማይሰጠውን ለውጥ ያመጣል። ለመዝፈን ልብስ የሞላው ቁም ሣጥን ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን ይሻላል፤ ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ሌሊት የሚጫወት ሰው የአምፕ ድምፅ የሚያስመስል ሶፍትዌርና ሄድፎን ይበቃዋል።

ጣትና ጆሮ

ኤሌክትሪክ ጊታር ከአኮስቲክ ይልቅ ለጣት ይራራል። ቀጭኑ ክር 0.009 ኢንች የሆነ ስብስብ መግጠም አንድ መፍትሔ ነው። የክሩ ርዝመትም ይለያያል፤ አብዛኞቹ የፌንደር ጊታሮች 25.5 ኢንች ሲሆኑ የጊብሰን 24.75 ገደማ ናቸው። በአንድ ዓይነት ክርና ቅኝት አጭሩ ይለሰልሳል። ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ማውረድም ክሩን ያላላል፤ ላይኛው ድምፅ ለከበደው ዘፋኝም ይመቻል። የጣት ጫፍ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። የመገጣጠሚያ ሕመም ግን የሚለመድ አይደለም፤ ማቆምና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መጫወት ቅዳሜን ሙሉ ከመጫወት ይሻላል።

ጆሮ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዕድሜ መጀመሪያ የሚደክመው ከፍተኛውን ድምፅ የመስማት አቅም ነው። በዚህ ምክንያት ጎልማሳ ሰው ሚክስ ሲያደርግ ሲምባሉንና የድምፁን «ስ» ሳያውቀው ያበዛል። በደንብ ከሚያውቁት የታተመ ዘፈን ጋር ማወዳደር ያድናል፤ የልጅ ጆሮ መዋስም እንዲሁ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ 85 ዴሲቤልን እስከ 8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፤ ድራም አጠገብ የሚቆም ሰው የጆሮ መከላከያ ያድርግ።

መማሩ

የጎልማሳ አእምሮ አዲስ መሣሪያ አይቀበልም የሚለው አባባል ሐሰት ነው። ሮይ ኧርንስት በ1991 በሮቼስተር ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጀመረው ኒው ሆራይዘንስ ጎልማሶችንና አረጋውያንን ከዜሮ አስተምሮ ባንድ አድርጓል። የነሱ ባንድ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሮክም ይሠራል። የፍጥነት ነገር ምናልባት ሰው ከሰው ይለያይ ይሆናል።

መቅረጫው ራሱ አስተማሪ ነው። ሰው እየተጫወተ ራሱን በትክክል አይሰማም። ቀርጾ በማግስቱ ሲያዳምጥ የት እንደቸኮለ፣ የትኛው ኮርድ እንዳልጠራ ይሰማዋል። ቀይዋ መብራት ስትበራ እጅ መንቀጥቀጡ የሁሉም ነው። ብዙዎች ልምምዱንም ሁሉ እየቀረጹ ይለምዱታል።

ቴፕ ይሻላል ወይስ ዲጂታል በሚለው ላይ ክርክሩ አላለቀም። በአንዳንዶች ዘንድ የቴፕ ሙቀት የትዝታ ጉዳይ እንደሆነ ይነገራል። ከብዙ ሙከራ የተመረጡ ቁርጥራጮችን ማገጣጠምም አንዳንዶችን ያስቆጣል። የመጀመሪያውን ዘፈን ለሚጨርስ ሰው ግን መገጣጠም ምንም ነውር የለውም።

ዘፈኑ ሲያልቅ እያንዳንዱ ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ለየብቻ ዌቭ በተባለው ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ይቀመጣል። መግቢያው ላይ ዝም ያለ መሣሪያም ቢሆን ዝምታው አብሮ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ሌላ አገር ያለ የድሮ ድራመኛ ፋይሎቹን በየትኛውም ሶፍትዌር ይከፍታቸዋል፤ ሁሉም በቦታቸው ይገጥማሉ፤ የራሱን ጨምሮ ይመልሳቸዋል።