«ወይ ባልንጀራ ወይ ሞት»

ይህ የአይሁድ አባባል በአረማይክ «ኦ ሐቭሩታ ኦ ሚቱታ» ነው። ግእዝ ለሚያውቅ ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ «አው ኅብረት አው ሞት» ሲባል ሥሮቹ ያው ናቸው።

ምንጩ የባቢሎን ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትረካ ስብስብ ነው፤ ታዕኒት በተባለው ክፍል፣ ቅጠል 23። ሆኒ የተባለ ጻድቅ 70 ዓመት ተኝቶ ይነቃል (66 ዓመት የተኛውን አቤሜሌክን ያስታውሳል)። ወደ ጥናት ቤት ሲገባ ሊቃውንቱ «ትምህርቱ እንደ ሆኒ ዘመን ግልጽ ሆነልን» ይላሉ። «ሆኒ እኔ ነኝ» ቢላቸው አላመኑትም፣ የሚገባውንም ክብር አልሰጡትም። አዝኖ ሞትን ለመነ፤ ሞተም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የታልሙድ ሊቅ ራቫ «ሰዎች ‹ወይ ባልንጀራ ወይ ሞት› የሚሉት ይህንን ነው» አለ። ስለዚህ አባባሉ የራቫ ፈጠራ አይደለም፤ እሱም ከሕዝብ አፍ ነው የወሰደው።

የእኛ «ባልንጀራ» ከእንጀራ የመጣ ነው፤ ማዕድ ተጋሪ ማለት። ሐቭሩታ ግን ዛሬ በየሺቫ (በአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት) የጥናት ጓደኛ መጠሪያ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጮክ ብሎ አንብቦ ያብራራል፣ ሌላው «ከየት አመጣኸው?» ይላል፣ የሚቃረን ጥቅስ ይፈልጋል። ጥናቱ የሚበላሸው ክርክሩ ከገጹ ወጥቶ ወደ ሰውየው ሲዞር ነው፤ አንዱ ዝም ብሎ «ልክ ነህ» ሲልም እንዲሁ።

ሁለቱም ጥፋት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የጥብርያዶሱ ረቢ ዮሐናን ላይ ደርሷል። ባቫ መጺዓ የተባለው የታልሙድ ክፍል፣ ቅጠል 84 እንደሚተርከው፣ ዮሐናን ዮርዳኖስ ውስጥ ሲታጠብ ሽፍታው ሬሽ ላቂሽ አይቶት ዘሎ ገባ። ዮሐናን «ጉልበትህ ለኦሪት ይሁን፤ ብትመለስ ከእኔ የምትቆነጅ እህቴን እድርልሃለሁ» አለው። አስተምሮም ታላቅ ሊቅ አደረገው። አንድ ቀን ሰይፍና ጩቤ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው መቼ ነው ተብሎ ተከራከሩ፤ ርኩሰት ሊያገኘው የሚችለው ካለቀ በኋላ ነውና። ዮሐናን «በእቶን ሲግል» አለ፣ ሬሽ ላቂሽ «በውሃ ሲነከር»። ዮሐናን «ሽፍታ ሽፍትነቱን ያውቃል» ብሎ ወጋው። ከዚያ በኋላ ሬሽ ላቂሽ ታመመ፣ ሞተ።

ሊቃውንቱ ረቢ ኤልዓዛርን በምትኩ አስቀመጡለት፤ እሱም ለእያንዳንዱ ቃል «የሚደግፍህ ጥቅስ አለ» ይለው ነበር። ዮሐናን ሬሽ ላቂሽን «ባር ላቂሻ» ብሎ እየጠራ «አንተ እንደ ባር ላቂሻ ነህን? እሱ 24 መቃወሚያ ያመጣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፤ ነገሩ ይሰፋ ነበር» አለው። ልብሱን ቀዶ «ባር ላቂሻ ሆይ፣ የት ነህ?» እያለ ሲጮህ አእምሮው ተናወጠ፤ ሊቃውንቱ ምሕረት ለመኑለት፣ ሞተም።