ካርታው «20 ማይል» የሚለው መብራት በ20 ማይል ላይ ለምን አይታይም?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ላብራራ። በባሕር ካርታ ላይ ከመብራት ማማው ጎን የሚጻፈው ርቀት የሚናገረው የመብራቱን ጉልበት ነው፤ አየሩ 10 የባሕር ማይል (18.5 ኪሎ ሜትር) ያህል በሚያሳይበት ሌሊት ብርሃኑ እስከየት እንደሚደርስ ማለት ነው። የምድርን ክብነት ግን አይቆጥርም።

እሱን ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል። የመብራቱንና የዓይናችሁን ከፍታ በሜትር ውሰዱ፤ የሁለቱን ስኩዌር ሩት ደምሩና በ2.08 አባዙ። መብራቱ 36፣ ዓይናችሁ 4 ሜትር ላይ ከሆነ 6 እና 2 ተደምሮ 8፣ በ2.08 ሲባዛ 16.6 የባሕር ማይል ይሆናል። ስለዚህ ካርታው 20 ቢልም መብራቱ ራሱ ከአድማስ በላይ ብቅ የሚለው 16.6 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የሚታየው ወገግታ ነው፤ በእሱ ርቀት አትገምቱ። ከሁለቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ ትንሹን ያዙ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ከፍታው ነው። የሚፈለገው የማማው ቁመት ሳይሆን መብራቱ ከባሕሩ ወለል ያለው ከፍታ ነው። በስፔን አ ኮሩኛ ወደብ ያለው፣ ሮማውያን የሠሩት የሄርኩለስ ማማ ቁመቱ 55 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮረብታ ላይ ስለቆመ ግን መብራቱ ከባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

የስሌቱ መንገድ የትም አንድ ነው። የሚለያየው ከፍታው የሚለካበት የውኃ ወለል ነው፤ ብዙ ካርታዎች ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከሚደርስበት ከፍታ አማካይ ይነሳሉ፣ የእናንተን በካርታው ማብራሪያ ላይ እዩ። ጭጋግ ካለ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች አይሠሩም።